ማኅተሙ ሲመታ ተማሪው የት ነበር?

በአዳማ በአምራቾች ማኅበር ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የቀረበ የመክፈቻ ንግግር

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ ከዩኒቨርሲቲና ከፖሊቴክኒክ ኮሌጅ የመጣችሁ መምህራን፣ የከተማችን የሥራ ኃላፊዎች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። አዳራሹን ለፈቀዱልን ምስጋናችን ብዙ ነው። ከሞጆና ከወንጂ በጠዋት ተነስታችሁ ለመጣችሁት ደግሞ ልዩ ምስጋና አለኝ። እዚሁ ከተማ መሀል ከሚኖሩት ቀድማችሁ ነው የደረሳችሁት።

የዓመቱን ሥራ ቶሎ ልበለው። ባዛር አዘጋጅተናል። ለሒሳብ ሠራተኞቻችሁ የታክስ ሥልጠና ሰጥተናል። አዳዲስ አባላት ተቀብለናል፤ ከነሱ መካከል የራሳቸው ወርክሾፕ ያላቸው ሴቶች በመኖራቸው በጣም ደስ ብሎኛል። የኦዲት ሪፖርቱ ፎልደራችሁ ውስጥ ነው፤ ገንዘብ ያዣችን በኋላ ያብራራዋል። እኔ የተሰጠኝን ጊዜ ዓመቱን ሙሉ ሥራ አስፈጻሚውን ሲያጨቃጭቅ ለከረመው ጉዳይ ላውለው።

ጉዳዩ ኢንተርንሺፕ ነው። በግልጽ ለመናገር ደግሞ ጉዳዩ ማኅተም ነው።

ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ለእንግዶቻችን ስል ግን ልዘርዝረው። የምህንድስና ተማሪ ከመመረቁ በፊት ሥራ ቦታ ገብቶ እንዲለማመድ ሥርዓተ ትምህርቱ ያስገድዳል። አሠራሩ በአገራችን ሥር የያዘው በ1990ዎቹ መጨረሻ ከጀርመን ጋር በተካሄደው የምህንድስና አቅም ግንባታ ፕሮግራም ዘመን ነው። ተማሪው ደብዳቤ ይዞ ይመጣል። ድርጅቱ አንድ ባለሙያ ይመድብለታል። የሠራውን የሚመዘግብበት ሎግ ቡክ በየሳምንቱ ይፈረማል። ሲያልቅ ድርጅቱ የግምገማ ቅጹን ሞልቶ ማኅተም ይመታበታል። ውጤቱ የተማሪው ማርክ ይሆናል።

በአንዳንድ አባሎቻችን ቤት የሚሆነው ግን ሌላ ነው። ተማሪው ደብዳቤውን ያስገባል። "ቦታ እንኳን የለንም፤ ግን አታስብ፣ ሲያልቅ ና እንመታልሃለን" ይባላል። ልጁም ወላጆቹ ቤት ይከርማል። በመጨረሻ የወራቱ ሎግ ቡክ በአንድ ቀን፣ በአንድ እስክሪብቶ ተሞልቶ ይመጣል። ይፈረማል፣ ይመታል። ውጤቱ ደግሞ ከመቶ ዘጠና ምናምን! ለዚህ ገንዘብ የተቀበለ አለ ሲባልም ሰምተናል። ማስረጃ በእጄ ስለሌለ ማንንም አልጠራም። ወሬው ከጀሮዬ ደርሶ ዝም ብሏል እንዳትሉኝ ግን ዛሬ በመድረክ ተናግሬዋለሁ።

ከዚያ ያው ባለ ድርጅት ስብሰባ ላይ እጁን ያወጣል። "ከዩኒቨርሲቲ የሚወጡት ልጆች ምንም አይችሉም፤ ካሊፐር የሚባለውን መለኪያ ማንበብ እንኳን አይችሉም" ይላል። ወንድሜ፣ የት ይማረው? ካሊፐሩ ያለው አንተ ጋ ነው። አስገብተህ አላሳየኸውም፤ አሳይቼዋለሁ ብለህ ግን ፈርመሃል። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ማለት ይሄ ነው።

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የዲግሪ ተማሪ የመውጫ ፈተና ይወስዳል። ጥሩ ነው፤ በወረቀት የሚለካውን ይለካል። ልጁ የቦይለር ድምፅ ሲቀየር ይሰማ እንደሆነ፣ የሌሊት ፈረቃ ላይ ማሽን ሲቆም ማንን ቀድሞ እንደሚጠራ ግን የትኛውም ፈተና አይነግረንም። ያንን መመዘን የምንችለው እኛ ብቻ ነን። እኛ ደግሞ ሳናየው ዘጠና እንሰጣለን።

የምታነሷቸውን ምክንያቶች አልንቅም። እኔም ወርክሾፕ አለኝ፤ የምትሉት ይገባኛል።

የመጀመሪያው አደጋ ነው። ልጁ ፕሬስ ማሽን ላይ ጣቱን ቢያጣ ማን ይጠየቃል? ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ለዚህ ብለን ነው ባለፈው ጉባኤ የጋራ መዋጮ ያቀረብነው። ለልምምድ ለሚገቡ ተማሪዎች የቡድን የአደጋ ኢንሹራንስ፣ ሴፍቲ ጫማና መነጽር ሊገዛበት ነበር። በሙሉ ድምፅ አጸደቃችሁት፤ እንዲያውም አጨበጨባችሁ። የከፈለው ግን ከግማሽ በታች ነው። ጭብጨባው ቃለ ጉባኤው ላይ ሰፍሯል፤ ገንዘቡ ባንክ ቤት አልደረሰም። አንዳንዶቻችሁ "ጫማውን ዩኒቨርሲቲው ይግዛ" ብላችሁ ጽፋችሁልናል። ስለ አንድ ጥንድ ጫማ የተጻጻፍነው ደብዳቤ ቢሸጥ ጫማ ይገዛ ነበር።

ሁለተኛው የሙያ ምስጢር ነው። ሳሙና፣ ቀለምና ሙጫ የምታመርቱ "ቀመሬን ይወስዱብኛል" ትላላችሁ። ስጋታችሁን እረዳለሁ። ግን ጥገና ክፍላችሁ ውስጥ ምን ምስጢር አለ? ኮምፕሬሰሩና መጋዘኑስ ምን ይደብቃል? ማደባለቂያ ክፍሉን ቆልፉትና ሌላውን ክፈቱ። ምስጢር ለመጠበቅ የሚፈረም ቅጽም በጠበቃ አስረቅቀን ጽሕፈት ቤት አስቀምጠናል። መጥቶ የወሰደው በጣት የሚቆጠር ነው።

ሦስተኛው "ሥራ ያጓትቱብናል" የሚለው ነው። እውነት ነው፣ መጀመሪያ ላይ ያጓትታሉ። ከዚያ በኋላ ምን እንደሚሆን ግን አንድ እዚሁ የደረሰ ነገር ልንገራችሁ። ባለቤቱ ስሜ አይጠራ ስላለ አልጠራውም፤ እዚህ አዳራሽ ተቀምጦ ይስቃል።

ይህ አባላችን የዱቄት ፋብሪካ አለው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ የመለዋወጫ ዋጋ ምን እንደሆነ ታስታውሳላችሁ። በዚያው ሰሞን አንድ ጊር ጥርሱ ተበላበት። ከውጭ ለማስመጣት ጠየቀና ዋጋውን ሲሰማ ደነገጠ። ቶርኖ ቤት ወስዶ አስቀረጸው። ቅርጹ ልክ ነበር፣ ቁርጥ የፊተኛውን! ሳምንታት ሳይቆይ ግን እንደገና አለቀ። በድጋሚ አስቀረጸ፣ በድጋሚ አለቀ።

በዚያን ጊዜ ሌላ የሚሰጣቸው ሥራ አጥቶ ጥገና ክፍል ያስቀመጣቸው ሁለት የመካኒካል ምህንድስና ተማሪዎች ነበሩ። ጥርሱ የተበላውን ዋናውን ጊር ላብራቶሪ እንውሰደው አሉ። ጥንካሬው ተለካ። ላዩ በጣም ጠንካራ፣ ውስጡ ግን ለስላሳ ሆኖ ተገኘ። ነገሩ ግልጽ ሆነ። እኛ የምንቀርጽበት ተራ ብረት ካርቦኑ ትንሽ ነው፤ አግለህ ውኃ ውስጥ ብትከተው እንኳን የሚፈለገውን ያህል አይጠነክርም። ፋብሪካው የሠራው ጊር ግን ቆዳው ካርቦን እንዲጠጣ ተደርጎ ነው የጠነከረው። ልጆቹ መንገዱን ያውቁታል፤ በክፍል ተምረውታል። የተቀረጸውን ጊር ከሰል በሞላ የብረት ሣጥን ውስጥ ይቀብሩታል። ከ900 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ በሆነ ምድጃ ለሰዓታት ያቆዩታል። ከዚያ በፍጥነት ያቀዘቅዙታል። ላዩ ይጠነክራል፣ ውስጡ ግጭት እንዲችል ለስላሳ ይቀራል።

ያውቁታል እንጂ ሠርተውት አያውቁም ነበር። ቶርኖ ላይ ያረጁት ጋሼ ደግሞ ጊሩን እንደ እጃቸው መዳፍ ያውቁታል፤ ለምን እንደሚያልቅ ግን ነግሯቸው የሚያውቅ የለም። ሁለቱ ተገናኙ። ጋሼ ከማጠንከሩ በኋላ ጥርሱ ጥቂት እንደሚጣመም ገምተው በአቆራረጡ ላይ አስቀድመው አሰቡለት። ይህን መጽሐፉ በአንድ መስመር ነው የሚያልፈው። ጊሩ ዛሬም እየሠራ ነው። ከልጆቹ አንዱ እዚያው ተቀጥሯል። ጋሼም "እስከ ዛሬ ይሄን ሳትነግሩኝ" ብለው ተቆጥተዋል አሉ።

ኢኖቬሽን ሲባል ድሮንና ሮቦት ብቻ የሚታያችሁ ካላችሁ፣ እኔ መጀመሪያ የማያልቅ ጊር ይስጡኝ እላለሁ። "ኢትዮጵያ ታምርት" የምንለው ነገር መለዋወጫውን ካልሠራን የት ይደርሳል?

ደግሞ ይህ ነገር ለአዳማ እንግዳ አይደለም። ወንጂ ስኳር ማምረት የጀመረው በ1946 ዓ.ም. ነው። የትራክተር መገጣጠሚያው እዚሁ ነው። ዛሬ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ የምንለው ተቋም እ.ኤ.አ. በ1993 የናዝሬት ቴክኒክ ኮሌጅ ሆኖ ጀምሮ፣ በኋላ ለአገሪቱ የቴክኒክ ትምህርት ቤቶች መምህራንን ያወጣ ነበር። በ2011 ዓ.ም. ደግሞ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ተመረቀ። ፈጣን መንገዱና ባቡሩ በደጃችን ያልፋሉ። ሰው ከሌላ ከተማ መጥቶ ይህን ሁሉ በአንድ ቦታ ሲያይ ይቀናል። እኛ ግን በአንድ ከተማ እየኖርን በደብዳቤ እንነጋገራለን።

ሌላው ዓለም ምን አደረገ ለምትሉ በአጭሩ። አሜሪካ ሲንሲናቲ ውስጥ ኸርማን ሽናይደር የሚባል መምህር እ.ኤ.አ. በ1906 ተማሪዎቹን ግማሹን ጊዜ ክፍል፣ ግማሹን ጊዜ ፋብሪካ አደረጋቸው። በ27 ተማሪዎች ነው የጀመረው። ጀርመኖቹ ዘንድ ደግሞ ሠልጣኙ ከድርጅቱ ጋር ውል ይፈራረማል፣ አበል ይከፈለዋል፤ የመጨረሻውን ፈተና የሚያስፈትነው የነጋዴዎችና የአምራቾች ምክር ቤት ነው። ይህ እኔን በጣም ያስቀናኛል። እዚያ እንደኛ ያለ ማኅበር ማኅተም ሲመታ "ይህን ልጅ እኔ ፈትኜዋለሁ" ማለቱ ነው። ከራሳችን አገር ካላችሁም፣ ባሕር ዳር ላይ በ1950ዎቹ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካውና ፖሊቴክኒኩ ተከታትለው ተከፈቱ፤ ፖሊቴክኒኩም የጨርቃ ጨርቅ ሙያ ያስተምር ነበር።

መምህራን እንግዶቻችንንም ሳልነካ አላልፍም፤ ይቅርታ። ተማሪ የሚልኩልን ዩኒቨርሲቲዎች ከአንድ በላይ ናቸው፤ ይህን የምለው ለሁሉም ነው። አንዳንድ ጊዜ ደብዳቤውና ተማሪው እኩል ነው የሚደርሱት። ልጁ ከነሻንጣው በር ላይ ቆሞ "ዛሬ ነው የምጀምረው" ይላል። ከአንድ ወር በፊት ንገሩን፣ እንዘጋጅ። አማካሪ መምህሩ አንድ ጊዜ እንኳን ሳይመጣ ያለቀ ልምምድ አለ። መጥቶ ቢያይ ኖሮ ያ በአንድ እስክሪብቶ የተሞላ ሎግ ቡክ አያልፍም ነበር። የመመረቂያ ጥናት ርዕስም እኛን ጠይቁን። ለሚቆምብን ማሽን፣ ለሚባክንብን እንፋሎት፣ ለመብራት ሒሳባችን የሚሆን ርዕስ ሞልቷል። የመግባቢያ ሰነድ ግን ይብቃን። የፊርማ ሥነ ሥርዓት ፎቶ ጽሕፈት ቤታችን ግድግዳ ላይ ቦታ አጥቷል።

አሁን ወደ ባዶዎቹ ወንበሮች ልዙር። ንግግሩ ስለሚቀረጽ ዛሬ ያልመጣችሁ ትሰሙታላችሁ። ጸሐፊያችን ስትደውል "ፊልድ ነኝ" ብላችሁ ከኋላ የሻይ ቤት ሙዚቃ የሚሰማባችሁ፣ እናንተን ማለቴ ነው። ቴሌግራም ግሩፑ ላይ አውራ ጣት ለጥፋችሁ የምትጠፉም እንዲሁ። ከናንተ ውስጥ ትልልቅ ድርጅት ያላችሁ አላችሁ። አርባ ተማሪ የማስገባት አቅም እያላችሁ አንድም አላስገባችሁም። በግቢያቸው አራት ማሽን ብቻ ያላቸው አባላት ግን ሁለት ሁለት ልጅ ወስደው ምሳ ጭምር አብልተዋል። እነሱ ዛሬ ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። እናመሰግናችኋለን። ሽልማት አላዘጋጀንም፤ መዋጮው ቢሰበሰብ ይዘጋጅ ነበር።

ከመሥራቾቻችን አንዱ የሆኑ አባትም አልመጡም። ባለፈው ሳምንት ቤታቸው ሄጄ ነበር። "ልጄ፣ ማኅተም ላይ ጥብቅ ካልክ አባል ይሸሽሃል" አሉኝ። ሊሸሽ ይችላል። ግን ተማሪ ለማይቀበል፣ መዋጮ ለማይከፍል፣ ስብሰባ ለማይመጣ አባል መሸሽ ማለት ምን እንደሆነ አልገባኝም።

ስለዚህ አጀንዳ ሦስት ላይ ሥራ አስፈጻሚው የሚያቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። አንደኛ፣ ልምምድ ላልገባ ተማሪ ማኅተም የመታ አባል፣ ማስረጃ ቀርቦ ከተጣራ በኋላ ከአባልነት ይታገዳል። ሁለተኛ፣ እያንዳንዱ አባል በመጪው ዓመት ስንት ተማሪ፣ በየትኛው ክፍል፣ በማን ተቆጣጣሪነት እንደሚያስገባ ዛሬ በጽሑፍ ያስመዘግባል። ዜሮ የሚል ዜሮ ብሎ ይጻፍ፤ እንወቀው። ሦስተኛ፣ ያልተከፈለው መዋጮ እስከ ኅዳር ድረስ ገቢ ይሆናል።

የመጀመሪያው ነጥብ በሥራ አስፈጻሚው ውስጥም አልተስማማንበትም። ማገድ ከበድ ይላል፣ ማስጠንቀቂያ ይቅደም የሚሉ አሉ። እነሱም ይናገራሉ። ተቃውሞ ያላችሁ በሻይ ሰዓት ስማችሁን ለጸሐፊዋ ስጡ፤ ለእያንዳንዱ አምስት ደቂቃ ተይዟል። የምዝገባ ቅጹ በሩ አጠገብ ካለው ጠረጴዛ ላይ ነው። ድምፅ የምንሰጠው ከሻይ መልስ ነው፤ ከዚያ በፊት እባካችሁ ማንም አይሂድ።