የቀትር በር

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ የማወራው ስለ በር ነው። ስለ ዕድል በር ወይም ስለ ሕይወት በር አይደለም፤ መኪና ስለሚገባበት፣ ከላሜራና ከቱቦላሬ ስለተበየደው የግቢ በር ነው። ግንቦት ገብቷል፤ ድሬዳዋ ውስጥ ግንቦት ሲገባ ከሰው ቀድሞ ጠባዩን የሚለውጠው በር ነው።

ጠዋት አንድ ልጅ በአንድ እጁ የሚከፍተው በር፣ ከቀትር በኋላ ሁለት ጎልማሶች በትከሻቸው ቢገፉትም አይነቃነቅም። አመሻሽ ላይ ነፋስ ሲነሣ ደግሞ ምንም እንዳልተፈጠረ ይከፈታል። በዚህ መካከል ግን የቤቱ ባለቤት ተቆጥቶ በያጅ ጠርቷል። በያጁ ስምንት ሰዓት ላይ ይደርሳል፤ የሁለቱ ተካፋቾች፣ ማለትም የበሩ ክንፎች፣ ጠርዝ ሲፋተግ በዓይኑ ያያል፤ ቆርጦ ይጥልና ሒሳቡን ተቀብሎ ይሄዳል። ሰፈራችን ውስጥ እንዲህ የተቆረጠ በር አውቃለሁ። ማታ መቀርቀሪያው ቀዳዳው ድረስ አልደርስ አለ፤ ባለቤቱም በተቆረጠው ቦታ ላይ ሌላ ብረት አስበየደበት። ሁለት ጊዜ ከፍሎ የጀመረበት ቦታ ተመለሰ ማለት ነው።

በሩ አልተበላሸም ነበር፤ ሞቆት ነው። ብረት ሲሞቅ ይረዝማል። እያንዳንዱ ሜትር ሙቀቱ አንድ ዲግሪ በጨመረ ቁጥር 0.012 ሚሊ ሜትር ያህል ይጨምራል። ሲሰሙት ኢምንት ነው። ነገር ግን አራት ሜትር ስፋት ያለው በር ንጋት ላይ 22 ዲግሪ ቢሆን፣ ፀሐይ ስትመታው 60 ዲግሪ ሊደርስ ይችላል፤ በተለይ ጥቁር ወይም ጠቆር ያለ ቡናማ ከተቀባ። ያ ሁሉ ተደምሮ ሁለት ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል። በሁለቱ ተካፋቾች መካከል የተተወው ክፍተትም ከዚያ አይበልጥም እንበል። እንግዲህ በሩ የት ይሂድ?

አባቴ ምድር ባቡር ነበር የሚሠራው። ይህች ከተማ የተቆረቆረችው እ.ኤ.አ. በ1902 ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ እዚህ ሲደርስ ነው፤ አዲስ አበባ የገባው ከ15 ዓመት በኋላ፣ በ1917 ነበር። ስለዚህ ድሬዳዋ ብረት ማጠፍና መበየድን የተማረችው ከብዙ ከተሞች ቀድማ ነው። ልጅ ሳለሁ ባቡሩ በመጣ ቁጥር ያ «ኳ ኳ» የሚለው ድምፅ ከምን እንደሚመጣ አባቴን ጠየቅሁት። በሁለት የሐዲድ ብረቶች መጋጠሚያ ላይ ሆን ተብሎ ክፍተት እንደሚተው ነገረኝ። «ለግንቦት የተተወ ቦታ ነው» አለኝ። ክፍተቱ ባይኖር ሐዲዱ በሙቀት ይቆለመማል።

አዲስ በር የምታሠሩ ካላችሁ በያጁን የምትጠይቁት ይህንኑ ነው፦ ለግንቦት ስንት ተውህለት? በሁለቱ ተካፋቾች መካከል አምስት ወይም ስድስት ሚሊ ሜትር ይተው፤ ክፍተቱ ከውጭ እንዳይታይ በአንደኛው ተካፋች ጠርዝ ላይ ጠፍጣፋ ብረት ይደረብበት። ነባር በር ያላችሁ ደግሞ ማንንም ከመጥራታችሁ በፊት በሩ የሚያስቸግርበትን ሰዓት ለዩ። ቀትር ላይ ብቻ ከሆነ ሙቀት ነው። ጠዋትም ማታም ከሆነ ማጠፊያው ላልቷል ወይም ቋሚው ዘንብሏል። ያን ጊዜ መሬቱን እዩ፤ የበሩ ጫፍ ሊሾው ላይ እንደ ጨረቃ የጎበጠ ጭረት ይተዋል። ጭረቱ ወደ መሐል እየጠለቀ ከሄደ በሩ በራሱ ክብደት ወርዷል ማለት ነው፤ ይህ የማጠፊያ ሥራ እንጂ የመቁረጥ ሥራ አይደለም።

ሐረር ላይ ነገሩ ይገለበጣል። አክስቴ ጁገል ውስጥ ነው የምትኖረው። በሯ የእንጨት ነው፤ ግንቦት ላይ ምንም አይለውም፤ ክረምት ሲገባ ግን እርጥበቱን ጠጥቶ ያብጥና አልዘጋ ይላታል። ሐረር ከእኛ ከ600 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የተቀመጠች ናት፤ መንገዱ ሽቅብ አንድ ሰዓት ያህል ነው። እዚያ በር የሚያስቸግረው ዝናብ ነው፤ እዚህ ፀሐይና አሸዋ።

አሸዋውን አትናቁት። የከተማችን ወንዝ ደቻቱ ዓመቱን በአብዛኛው ደረቅ አሸዋ ነው፤ ነፋሱ ያነሣውን ያመጣና ማጠፊያ ውስጥ ያስገባዋል። ሰው በሩ ሲጮህበት ምን ያደርጋል? መኪና ማሠሪያ ቦታ ሄዶ የተቃጠለ ዘይት በኩባያ ይለምንና ያፈስበታል። ለአንድ ሳምንት ጩኸቱ ይጠፋል። ከዚያ ዘይቱ አሸዋውን ይይዝና ብረት የሚሞርድ ጭቃ ይሆናል፤ ይባስ ብሎ የሰው ነጠላና የልጅ ዩኒፎርም ያጠቁራል። እኔ ይህን ዘይት ከግቢያችን ካባረርሁት ቆይቷል።

የምሠራው ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ነው፤ ብረቱ ገና ቀዝቃዛ ሳለ። መጀመሪያ በደረቅ ብሩሽ አራግፋለሁ። ቀጥሎ በናፍጣ በራሰ ጨርቅ አሮጌውን ቅባት እስኪለቅ እጠርጋለሁ፤ በዚህ ጊዜ አጠገቤ ሲጋራ የሚያጨስ ሰው አላስጠጋም። ከደረቀ በኋላ ማጠፊያው መሐል፣ ብረት ከብረት በሚገናኝበት ቦታ ብቻ፣ ጥቂት ግራሶ አስገባለሁ፤ በሩን ደጋግሜ እከፍትና እዘጋለሁ፤ ወደ ውጭ የወጣውን እጠርጋለሁ። ውጭ የቀረ ግራሶ አሸዋ ከመጥራት በቀር ጥቅም የለውም። ቁልፉ ውስጥ ግን ግራሶም ዘይትም አይገባም። የመጻፊያ እርሳስ ዱቄት በቂ ነው፤ የእርሳሱ ጥቁር መሐል ግራፋይት ነው፣ ደረቅ ስለሆነ አቧራ አይዝም።

በሐዲድ ላይ የሚንሸራተት በር ያላችሁ፣ ሐዲዱን ጥረጉ እንጂ አትቀቡ። ግራሶ የሚያስፈልገው የመንኮራኩሩ ኩሽኔታ ነው። ከሁሉ በላይ ግን በሐዲዱ ጫፍ ያለውን ማቆሚያ ብረት ነካክታችሁ ፈትሹ። ማቆሚያው የተነቀለበት በር ከሐዲዱ ያልፍና ይወድቃል፤ እንዲህ ያለ በር በብዙ መቶ ኪሎ ሊቆጠር ይችላል፤ ልጆች ደግሞ በር ላይ መንጠልጠል ይወዳሉ። ጩኸቱን ተዉት፣ ዝገቱንም ለሌላ ቀን አቆዩት፤ ይህኛውን ግን ዛሬውኑ እዩት።

ቴክሳስ የምትኖረው እህቴ የመኪና ማሳደሪያዋ በር ወደ ላይ ተነሥቶ ጣሪያ ሥር የሚተኛ ዓይነት ነው። እዚያም በጋው ከእኛ የሚያንስ አይደለም። የእሷን በር የሚያነሣው ከበላዩ የተጠመዘዘ ትልቅ ሞላ ነው፤ የተለመደው ሞላ 10,000 ጊዜ ያህል ለመክፈትና ለመዝጋት ነው የሚሠራው። በሩን በቀን አራት ጊዜ ለሚከፍትና ለሚዘጋ ሰው ሰባት ዓመት ገደማ መሆኑ ነው። ያንን ሞላ ባለሙያ ያልሆነ ሰው መንካት የለበትም፤ ታፍኖ የተቀመጠ ኃይል ነው፣ ካመለጠ እጅ ይሰብራል። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮ ለመኖሪያ ቤት የሚመረት የበር ሞተር ሁሉ፣ ከሥሩ ሰው ወይም ዕቃ ካለ በሩን የሚመልስ መሣሪያ እንዲኖረው በሕግ ግዴታ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ይህ ከመሬት ከ15 ሴንቲ ሜትር ሳይበልጥ በግራና በቀኝ የሚተከል፣ በብርሃን ጨረር የሚሠራ ዓይን (ሴንሰር) ነው። የበጋ ፀሐይ ዘቅዝቃ በቀጥታ ስትገባበት ዓይኑ ይታወርና በሩ አልዘጋ ይላል፤ ትንሽ ጥላ ሲደረግለት ይስተካከላል። እኛም ዘንድ ሪሞት ያለው በር እየበዛ ነው። ዓይኑን ወጪ ለመቀነስ ብላችሁ አታስቀሩት፤ ካለም አቧራውን በለስላሳ ጨርቅ ጥረጉለት። መብራት ሲጠፋ በሩን በእጅ ለመክፈት ሞተሩን የምትፈታው ቁልፍ የት እንደምትቀመጥም የቤቱ ሰው ሁሉ ይወቅ።

ዝገት ከታች ነው የሚጀምረው። ግቢ ሲታጠብ ውኃው ቱቦላሬው ውስጥ ይገባና መውጫ ያጣል፤ ብረቱ ከውስጥ ተበልቶ ካለቀ በኋላ ነው ከውጭ የምናየው። በበሩ የታችኛው ብረት ላይ፣ ከሥሩ በኩል፣ ትንሽ ቀዳዳ አስበሱለት፤ ውኃው ይውረድ። ይህን ሐምሌ ሳይገባ መጨረስ ይሻላል።

ቀለም የቀረኝ ሥራ ነው። የእኛ በር ጥቁር አረንጓዴ ነው፤ ቀትር ላይ ጥበቃችን ጋሼ መቀርቀሪያውን የሚይዙት በሽርጣቸው ጫፍ ጠቅልለው ነው። ፈካ ያለ ቀለም ሙቀቱን በደንብ ይቀንሳል። ዝገቱ በብርጭቆ ወረቀት ይፋቃል፣ ፀረ ዝገት ቀለም ይቀባል፣ ከዚያ ዋናው ቀለም፤ ሁሉም በማለዳ፣ ምክንያቱም በጋለ ብረት ላይ የተቀባ ቀለም ቶሎ ይደርቅና ይላላጣል። እኔ ነጭ ይሁን እላለሁ። ባለቤቴ «ይህን ሁሉ አቧራ ማን ሊያጥበው ነው?» ብላ ቀላል ግራጫ ትላለች። ጋሼ ደግሞ ቀለሙ ምንም ይሁን ምን መቀርቀሪያው የእንጨት እጀታ ይደረግለት ብለዋል፤ እጀታውን ለአናጢ ነግሬያለሁ፣ በቀለሙ ላይ ግን እስካሁን አልተስማማንም።