የሣጥኑ ስፋት

ክቡራትና ክቡራን፣ የተወደዳችሁ የሥነ ሥዕልና የጋዜጠኝነት ተማሪዎች፤

ስለ ጋዜጣ ካርቱን ንግግር እንዳደርግ ስጠየቅ፣ ጋባዦቼ በልባቸው የያዙት ስለ ቀልዱ፣ ስለ ሽሙጡና ስለ ሰዓሊው ድፍረት እንድናገር እንደነበረ እገምታለሁ። እኔ ግን ይዤላችሁ የመጣሁት ብዙም የማይወራለትን ነገር ነው፤ ሥዕሉ የሚያርፍበትን ሣጥን። ሣጥኑ ምን ያህል ይሰፋል? ስፋቱንስ የሚወስነው ማን ነው? ባለፉት 130 ዓመታት በዚህ ሙያ ላይ የደረሰው ለውጥ ከሞላ ጎደል በእነዚህ ሁለት ጥያቄዎች ሊመረመር ይችላል ብዬ አምናለሁ። ዓመቶቹንም ሆነ ወራቱንና ቀናቱን በፈረንጆች አቆጣጠር እንደምጠራ ከወዲሁ ይታወቅልኝ።

ነገሩን እንዳስብበት ያደረገኝ የራሴ ገጠመኝ ነው። በወጣትነቴ ለአንድ ሳምንታዊ ጋዜጣ ካርቱን እሥል ነበር። አንድ ጊዜ ገጹ አልቆ ወደ ማተሚያ ቤት ሊሄድ ሲል ማስታወቂያ መጣ። በማግስቱ ጋዜጣውን ከአዟሪ እጅ ተቀብዬ ስገልጠው፣ ሥዕሌ ከግርጌው ሁለት ጣት ያህል ተቆርጧል። በተቆረጠው ቦታ ላይ የነበረው ደግሞ መልሱ ነበር። አንድ ሰው አፉን ከፍቶ ይጠይቃል፤ መልስ ሊሰጠው የሚገባው ሰው ከአንገቱ በታች የለም፤ ከሥሩ የግድግዳ ቀለም ማስታወቂያ ተሰይሟል። አቤቱታዬን ይዤ ስሄድ አዘጋጁ ጋዜጣውን አየት አድርገው፣ «ሥዕሉማ ወጥቷል እኮ» አሉኝ። አልዋሹም፤ ወጥቷል።

የአሜሪካ ጋዜጦች ታሪክ የጀመረው ከዚህ ፍጹም በተለየ ሁኔታ ነው። በ1895 ሪቻርድ አውትኮልት በጆሴፍ ፑሊትዘር «ኒው ዮርክ ወርልድ» ጋዜጣ ላይ ረጅም የሌሊት ልብስ የለበሰ አንድ የድሃ ሰፈር ልጅ ይሥል ጀመር። ልብሱ በቢጫ ቀለም ይታተም ስለነበር ሕዝቡ «ቢጫው ልጅ» አለው፤ ልጁም የሚናገረው አብዛኛውን ጊዜ ከአፍ በሚወጣ የንግግር ፊኛ ውስጥ ሳይሆን በዚያው በልብሱ ላይ በተጻፈ ጽሑፍ ነበር። በቀጣዩ ዓመት የፑሊትዘር ተቀናቃኝ ዊሊያም ራንዶልፍ ኸርስት ሰዓሊውን በገንዘብ አስኮበለለው። ፑሊትዘርም አልተወም፤ ሌላ ሰዓሊ ቀጥሮ ያንኑ ልጅ ማሣሉን ቀጠለ፤ ኒው ዮርክም ሁለት ቢጫ ልጆች ኖሯት። የሁለቱ ጋዜጦች ቅጥ ያጣ የወሬ ፉክክር «ቢጫ ጋዜጠኝነት» ተብሎ እስከ ዛሬ ድረስ የሚጠራው ከዚሁ ልጅ ጋር ተያይዞ ነው። በዚያ ዘመን ካርቱን ጋዜጣ የሚያሸጥ ሸቀጥ ስለነበር ቦታ የሚነፍገው አልነበረም።

ቦታ ለካርቱን ሰዓሊ ምን እንደሚያደርግለት ለማየት ከ1905 ጀምሮ በ«ኒው ዮርክ ሄራልድ» የእሑድ እትም ላይ ይወጣ የነበረውን የዊንዘር መኬይን «ሊትል ኒሞ» መመልከት ይበቃል። አንድ ሙሉ የጋዜጣ ገጽ፣ ያውም የዚያን ጊዜው ሰፊ ገጽ፣ ለአንድ ሕፃን ሕልም ተሰጥቷል። በሐምሌ 1908 በወጣው ገጽ ላይ የኒሞ አልጋ እግሮቹ እየረዘሙ ከቤት ወጥቶ በከተማው ሕንፃዎች መካከል መራመድ ይጀምራል። የሰዓሊውን ብልሃት ልብ በሉ፤ አልጋው እግሩን ባስረዘመ ቁጥር ሣጥኑም አብሮ ይረዝማል። አንባቢው የከፍታው ድንጋጤ የሚሰማው በቃል ተነግሮት ሳይሆን ዓይኑ ከላይ እስከ ታች ለመውረድ ጊዜ ስለሚወስድበት ነው። በዚህ ሙያ ቦታ የምንለው ነገር ያው ጊዜ ነው፤ ረጅም ሣጥን ረጅም ቅጽበት ይሆናል። በመጨረሻዋ ትንሽ ሣጥን ውስጥ ልጁ እንደ ወትሮው መኝታ ቤቱ ውስጥ ይነቃል።

(እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣል ላድርግና ልለፍ። ታሪክን በሣጥን ከፋፍሎ መሣል ለእኛ እንግዳ አይደለም። በሸራ ላይ የሚሣለው፣ ብዙ ጊዜ 44 ክፍል ያለው የንግሥተ ሳባ ታሪክ በቅደም ተከተል የሚነበብ ሥዕል ነው፤ በየክፍሉም ጽሑፍ አለው። ከዚያ ሥዕል ጋር ቤት ውስጥ ያደገ ሰው የካርቱን ገጽ ማንበብ ማንም አላስተማረውም።)

ከዚያ በኋላ መጥበብ መጣ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት የጋዜጣ ወረቀት ሲያጥር አዘጋጆች ካርቱኖቹን አሳነሷቸው፤ ጦርነቱ ሲያበቃ ግን ወደ ቀድሞ ስፋታቸው አልመለሷቸውም። በጥቅምት 2 ቀን 1950 የቻርልስ ሹልዝ «ፒናትስ» በሰባት ጋዜጦች ላይ ሲጀምር፣ አከፋፋዩ ድርጅት ለአዘጋጆች ያቀረበው ቦታ ቆጣቢ ነው እያለ ነበር። ስሙንም ያወጣው ድርጅቱ ነው፤ ሹልዝ እስከ ዕለተ ሞቱ አልወደደውም። አራቱ ሣጥኖች እኩል የሆኑት አዘጋጁ እንዳሻው በአግድም፣ በቁልቁል፣ ወይም ሁለት በሁለት አድርጎ እንዲደረድራቸው ነው። በእንዲህ ያለ ቦታ ውስጥ አልጋ ማስረዘም አይቻልም።

ሹልዝ ያንን ጥበት ወደ ምን እንደለወጠው በመጀመሪያው ዕለት ሥዕል ላይ ይታያል። ሁለት ሕፃናት ከመንገድ ዳር ተቀምጠዋል። የካርቱኑ ዋና ገጸ ባሕርይ ቻርሊ ብራውን ከሩቅ ሲመጣ ወንዱ ልጅ ያወድሰዋል፤ በፊታቸው ሲያልፍ ያወድሰዋል፤ ከሣጥኑ ሲወጣም ያወድሰዋል። በአራተኛው ሣጥን ውስጥ ግን፣ ባለቤቱ ከሄደ በኋላ፣ ምንኛ እንደሚጠላው ይናገራል። ከጀርባቸው ከተማ የለም፤ ሰማይ እንኳ የለም ማለት ይቻላል። እኩል የሆኑት ሣጥኖች እንደ ሰዓት ቆጣሪ ይመታሉ፤ አንባቢውም በሦስቱ ምት ተዘናግቶ በአራተኛው ይያዛል። ብዙ ሰው የሹልዝን ቀላል መስመር የተፈጥሮ ስጦታው አድርጎ ያየዋል። እኔ ግማሹ የጥበቱ ውጤት ነው ባይ ነኝ፤ ሌላው ግማሽ የእሱ ነው፤ ምክንያቱም በዚያው ጥበት ውስጥ ሆነው ምንም ያላመጡ ሰዓሊዎች ብዙ ናቸው።

ይህን ሥራ ለሃምሳ ዓመት ያህል ያለ ረዳት ሰዓሊ በራሱ እጅ ሠራው፤ 17,897 ሥዕሎችም ሆኑ። የሚጠቀምበትን የብረት ብዕር ጫፍ የሚያመርተው ፋብሪካ ሊዘጋ መሆኑን ሲሰማ የተረፈውን በሙሉ ገዝቶ አስቀመጠ። በኋለኛው ዘመን እጁ ይንቀጠቀጥ ስለነበር የቻርሊ ብራውን ክብ ራስ ዳር ዳሩ እየተሸረካከተ ሄደ፤ ስሕተት የሚመስለው ያ መስመር እኔን ከሁሉም ይበልጥ ይነካኛል። የስንብት ሥዕሉ የወጣው እሑድ የካቲት 13 ቀን 2000 ሲሆን፣ እሱ ያረፈው በዋዜማው ቅዳሜ ማታ ነው።

በጥበቱ ላይ ያመፀው ቢል ዋተርሰን ነው። «ካልቪን ኤንድ ሆብስ» የተባለው ካርቱኑ ከ1985 እስከ 1995 ሲወጣ፣ የእሑድ ካርቱን ሁሉ አዘጋጆች ቦታ ሲጠባቸው የላይኛውን ረድፍ ቆርጠው እንዲጥሉት ሆኖ መሣል ነበረበት። አስቡት፤ ሰዓሊው በየሳምንቱ የሚጣል ቀልድ መፍጠር ነበረበት፤ ያ ቀልድ ለሚያነበው አንባቢ መጣፈጥ፣ ለማያነበው ደግሞ ታሪኩን ማጉደል አልነበረበትም። ዋተርሰን ከረጅም ዕረፍት በ1992 ሲመለስ የእሑዱ ሥዕል የማይቆራረጥ ግማሽ ገጽ ሆኖ እንዲሸጥ አስደረገ። አንዳንድ አዘጋጆች ተቆጡ፤ እናቋርጣለን ብለውም ዛቱ፤ ያቋረጡት ግን ጥቂቶች ናቸው። ገጸ ባሕርያቱ በአሻንጉሊትና በካናቴራ ላይ ወጥተው እንዳይሸጡም እምቢ በማለት እጅግ ብዙ ገንዘብ ትቷል። ይህን ሊያደርግ የቻለው አንባቢው ስለተከተለው ነው፤ እኔ ከአዘጋጄ ፊት ተመሳሳይ ጥያቄ ባቀርብ ኖሮ መልሱን ታውቁታላችሁ።

አሁን ደግሞ ገጹ ራሱ እየጠፋ ነው። በ2022 ሊ ኢንተርፕራይዝስ የተባለው የአሜሪካ የጋዜጦች ባለቤት በበርካታ ጋዜጦቹ ላይ የካርቱን ገጹን ቀንሶ አንድ ዓይነት አደረገው። በሐምሌ 2023 ማክላቺ የተባለው የጋዜጦች ድርጅት ታላቁን የአሜሪካ የጋዜጠኝነት ሽልማት፣ የፑሊትዘርን ሽልማት፣ ያገኙ ሦስት የፖለቲካ ካርቱን ሰዓሊዎችን በአንድ ቀን አሰናበተ። ማስታወቂያው ወደ ኢንተርኔት ሲሄድ ጋዜጣው ደሞዝተኛ ሰዓሊ የሚያኖርበት ገንዘብም አብሮ ሄደ።

በስልክ ላይ ያለው ሣጥን ግን፣ በሚገርም ሁኔታ፣ እንደገና ረዝሟል። የደቡብ ኮሪያው የኢንተርኔት ድርጅት ናቨር ከ2004 ጀምሮ ያስፋፋው ዌብቱን የተባለው የኢንተርኔት ካርቱን የሚነበበው በአውራ ጣት ወደ ታች እየተሳበ ነው፤ ወርዱ የስልኩ ወርድ ሲሆን ቁመቱ ገደብ የለውም። በጋዜጣ ላይ የመጨረሻዋ ሣጥን ከመጀመሪያዋ ጋር እኩል ዓይን ውስጥ ስለምትገባ ሰዓሊው ምስጢሩን የሚደብቅበት ቦታ አልነበረውም። በስልክ ላይ ግን በሁለት ሥዕሎች መካከል ረጅም ባዶ ቦታ ትቶ አንባቢውን ዝም ማሰኘት ይችላል፤ አንድ ሰው ከገደል ሲወድቅ ጣታችን እስኪሰለች ድረስ ሊያወርደው ይችላል። መኬይ ቢያየው የሚቀና ይመስለኛል። ዋጋው ግን ከባድ ነው፤ ሹልዝ በአዘቦት ቀን አራት ሣጥን ሲሥል፣ የዌብቱን ሰዓሊ በየሳምንቱ ባለ ቀለም ሣጥኖችን በዐሥሮች እየቆጠረ ማስረከብ ይጠበቅበታል፤ ሥራው የሚታይበትን ቦታ የሚወስነውም በስሙ ጠርቶ የሚሟገተው አዘጋጅ ሳይሆን የቁጥር ስሌት ነው።

ከመግባታችሁ በፊት የታደላችሁ ወረቀት ላይ፣ ማስታወቂያው የበላት የእኔ ካርቱን ጋዜጣው ላይ በወጣችበት መጠን ታትማለች። ከሥሯ ሁለት ጣት ባዶ ቦታ ትቻለሁ። ከሻይ ዕረፍት በፊት ሰውየው ምን ብሎ እንደሚመልስ እያንዳንዳችሁ ሣሉልኝ፤ የእኔን ስትመለሱ አሳያችኋለሁ።

አመሰግናለሁ።