ላዩ ደረቅ፣ ውስጡ ጥሬ

እንደምን ዋላችሁ እናቶቼ፣ እህቶቼ። እዚያ ጥግ ቡና የምታፈሉትም፣ ድምፄ ይሰማል? ጥሩ።

ሰብሳቢያችን «አምስት ደቂቃ ብቻ» ብላኛለች። እሷም ታውቀኛለች፣ እናንተም ታውቁኛላችሁ።

ጉዳዩ ይኸው ነው። ካጠራቀምነው ብር ለሁላችንም የሚሆን አንድ የምግብ ማድረቂያ ይገዛ ተባለ። «የቱ ይሻላል?» ሲባል ሁላችሁም ዞራችሁ እኔን አያችሁና ሳቃችሁ። የቋንጣዬ ነገር ነው፣ አውቃለሁ። ወሬው እየተጨመረበት ፍራንኮ ሰፈር ድረስ ስለደረሰ ዛሬ ከራሴ አፍ ስሙት።

የዛሬ ሁለት ዓመት ለፋሲካ ቅርጫ ገብተን ሥጋው ተረፈን። እኔም ልዘምን ብዬ ማድረቂያ ልገዛ ሄድኩ። ሻጩ «እትዬ፣ አምስት ትሪ ነው፣ ኦሪጅናል» አለኝ። ትሪ ቆጠርኩ። እውነትም አምስት። ስንት ዲግሪ እንደሚያሞቅ አልጠየቅኩም። ብጠይቅም መልስ አልነበረውም፤ ማሽኑ ያለው ማብሪያና ማጥፊያ ብቻ ነው።

ሥጋውን ዘለዘልኩት። ጨው፣ በርበሬ፣ ትንሽ ሚጥሚጣ። ዝልዝሉን ትንሽ አወፍሬው ነበር፣ አልዋሽም። አንዱን ካንዱ ሳላነካካ ደረደርኩና ማታ ሰክቼ ተኛሁ። ጠዋት ስነካው ቋ ቋ ይላል። ደስታዬ! ክዳኑ ጥርቅም የሚል ጠርሙስ ሞልቼ ቡፌው ላይ አስቀመጥኩት፤ እንግዳ ሲመጣ እንዲታይ።

እንግዳም መጣ። አማቴ፣ ከአሰላ። ቋንጣ ፍርፍር ልሠራላቸው ጠርሙሱን እፊታቸው ከፈትኩት። ምን ልበላችሁ፣ አረንጓዴ ፀጉር አብቅሏል። አማቴ አልተቆጡም። ነጠላቸውን ወደ አፍንጫቸው ሳብ አደረጉና «ልጄ፣ ገመድ አጥተሽ ነው?» አሉኝ።

ሳቁ፣ ግድ የለም።

ኋላ አንዷን ቁራጭ በቢላ ሰንጥቄ አየኋት። ላይዋ ቆዳ ነው፣ መሃሏ ቀይና እርጥብ። ሙቀቱ ሲበዛ ላዩ ቀድሞ ይደርቅና ቅርፊት ይሆናል። ውስጥ የቀረው ውሃ መውጫ ያጣል። ጠርሙስ ውስጥ ሲታፈን ይሻግታል።

ማሽኑን ተሸክሜ ተመለስኩ። ግድግዳው ላይ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ሻጩ ሰካውና «ይኸው ይሠራል፤ የተበላሸው ሥጋው ነው» አለኝ። ይሠራል! ከሰል ምድጃም ይሠራል! ማድረቅና መጥበስ የማይለይ ዕቃ ለሰው እየሸጡ «ይሠራል» ምን ማለት ነው? የእኛ ብር ከሜዳ የታፈሰ ነው? ስለዚህ እናገራለሁ፤ የሙቀት መቆጣጠሪያ የሌለው ማድረቂያ በዚህ ማኅበር ገንዘብ አይገዛም! እዚህ ላይ ብታጨበጭቡ ቅር አይለኝም።

ማዞሪያው ላይ ዲግሪው በቁጥር ይጻፍ። በሶብላ ከ35 እስከ 40 ዲግሪ ይበቃዋል፤ ከዚያ ካለፈ መዓዛው ይበናል። ቲማቲም፣ ሽንኩርት፣ ማንጎ 55 አካባቢ። ሥጋ 70። የአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት ደግሞ ጀርሙ እንዲሞት ሥጋው ከመድረቁ በፊት ራሱ 71 ዲግሪ ይድረስ ይላል። ማሽኑ አይደለም፣ ሥጋው። «እኛ ኋላ እናበስለዋለን» ብላችሁ አትከራከሩኝ፤ ቋንጣ ከገመድ ላይ እየመነተፈ ያላደገ ማን አለ?

አንዲት እናታችን «አዳማ ተቀምጠሽ ማድረቂያ? ፀሐዩ የት ሄደ?» ብለውኛል። እውነት አላቸው። በርበሬና ድርቆሽ ከጥር ፀሐይ በላይ ምን ይፈልጋል? ነገር ግን የአዳማ ነፋስ ኮረብታው ላይ ተርባይን ሲያዞር፣ እታች አቧራውንና ፌስታሉን ስጥ ላይ ያመጣል። ሐምሌና ነሐሴ ደግሞ አለ። የመቂና የቆቃ ቲማቲም ሲረክስ በሳጥን ገዝተን ግማሹን የምንጥለው እኛው ነን። ቲማቲም ከመቶ 94 እጁ ውሃ ነው፤ 10 ኪሎው ሲደርቅ አንድ ኪሎ አይሞላም። ጠርሙስ ውስጥ ይገባል፣ ክረምቱን ይሻገራል።

ሌላው ቶሎ ያልቃል። ፋኑ ከኋላ ይሁን። ከታች የሆነ እንደሆነ የታችኛው ትሪ ቀድሞ ይደርቃል፣ እየተነሱ ማቀያየር ነው፤ የሥጋው ጠብታም ሞተሩ ላይ ይወርዳል። በዚያ ላይ የጋራ ዕቃ ነው፤ ያንዷ ሽንኩርት ያንዷን ማንጎ እንዳያሸተው።

«ልጄ ከአሜሪካ ይልክልናል» ያልሽው እህቴ፣ እግዜር ይስጠው፣ ግን የእነሱ መብራት 120 ቮልት ነው፣ የእኛ 220። ያለ ትራንስፎርመር ከተሰካ ጭሱን ነው የምናየው።

ቆጣሪ ለምትፈሩ፣ 500 ዋቱ ማሽን አሥር ሰዓት ሳያቋርጥ ቢሠራ 5 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ካርዱን ተራ የደረሳት ትሙላ።

የእኔ ማሽን አሁንም ቤቴ አለ። ትሪዎቹን አውጥቼ በርበሬ አሰጣባቸዋለሁ። አምስት ናቸው፣ ሻጩ አልዋሸም።

ቡናው ደርሷል መሰለኝ። መቆጣጠሪያ ይኑረው የምትሉ፣ እጃችሁን አውጡ። ጸሐፊያችን፣ ቁጠሪ።