ያልተካሄደውን የሳልስበሪ ውጊያ ጠረጴዛ ላይ ስናካሂደው

ዮናስ፦ ሰላም፣ እንደምን ሰነበታችሁ! ዛሬ የምናወራው ቅዳሜና እሑድ በትናንሽ የወታደር ምስሎች ጠረጴዛ ላይ ሁለቴ ስለተዋጋነው ውጊያ ነው። በታሪክ ውስጥ ይሄ ውጊያ የለም።

ሰላም፦ ለጥቂት ነው ግን የቀረው።

ዮናስ፦ አዎ፣ ለጥቂት። ጊዜው 1688 እ.ኤ.አ. ነው፣ ቦታው እንግሊዝ። እኛ አገር ጎንደር ላይ አድያም ሰገድ ኢያሱ ነግሠው የነበሩበት ዘመን ማለት ነው። የእንግሊዙ ንጉሥ ጄምስ ሁለተኛ ካቶሊክ ነው፣ ሕዝቡ በአብዛኛው ፕሮቴስታንት። የኦሬንጁ ዊልያም ከሆላንድ ጦር ጭኖ መጣና ኖቬምበር 5 ቶርቤይ ወረደ። ይሄ ዊልያም የጄምስ የእህቱ ልጅ ነው፣ ደግሞም የልጁ የሜሪ ባል።

ሰላም፦ የአጎቱን ልጅ አግብቶ አጎቱን ሊወጋ መጣ በለኛ።

ዮናስ፦ ልክ ነሽ። ጄምስ ጦሩን ሳልስበሪ ሰብስቦ ኖቬምበር 19 ራሱ ደረሰ። እዚያ አፍንጫው ይደማ ጀመር፣ ለቀናት አልቆም አለ። 23 ቀን ወደኋላ እንመለስ ተባለ። በዚያው ሌሊት ጆን ቸርችል፣ ከሦስት ዓመት በፊት ሴጅሙር ላይ አመፀኞችን ለጄምስ የደመሰሰለት ሰውዬ፣ ወደ ዊልያም ኮበለለ። ወዲያው ሌላኛው አማቹ የዴንማርኩ ጆርጅም ሄደ። ትልቁ ውጊያ በዚሁ ቀረ። ዊንካንተንና ሬዲንግ ላይ ትንሽ ተኩስ ነበር፣ ከዚያ ያለፈ ነገር የለም።

ሰላም፦ እኔን የገረመኝ ሜዳውን ስትሠራው ነው። ቅዳሜ ጠዋት ስመጣ አረንጓዴ ጨርቅ አንጥፈሃል፣ አንድ መንደርና ሁለት ሦስት ዛፍ አለ፣ ሌላው ባዶ። ኮረብታው የታለ አልኩህ።

ዮናስ፦ ሳልስበሪ ሜዳ እንደዚያ ነዋ፣ ገላጣ ነው፣ ፈረስ እንደልብ የሚጋልብበት። የ180 በ120 ሳንቲሜትር ጠረጴዛ ነው፣ 1 ሳንቲሜትሩን 10 ሜትር አደረግኩት። እና አንዱ ምስል 100 ሰው ነው። ለዊልያም 15 ሺህ ሰጠሁ፣ 150 ምስል መሆኑ ነው። ለጄምስ 200።

ሰላም፦ የሁሉም ቁመት 28 ሚሊሜትር፣ ሁሉም በእጅ የተቀባ። የቀለሙ ነገርስ? አንዱ ወገን ቀይ ሌላው ሰማያዊ መስሎኝ ነበር።

ዮናስ፦ የዊልያም ክቡር ዘበኞች ሰማያዊ ናቸው። ግን ሆላንድ ያገለግሉ የነበሩት እንግሊዞችና ስኮቶችም አብረውት መጥተዋል፣ እነሱ ደግሞ ቀይ ይለብሳሉ። ቀይ በቀይ ላይ ይተኩሳል ማለት ነው። ስቀባቸው ሆዴን የበላኝ እሱ ነው።

ሰላም፦ እሺ የቅዳሜውን እናውራ። እኔ ጄምስ፣ አንተ ዊልያም። በ6ኛው ዙር አለቀልህ።

ዮናስ፦ በሳንጃው ነው ያለቀልኝ። የዚያን ጊዜ ሳንጃ አፈሙዙ ውስጥ እንደ ቡሽ የሚወተፍ ነው። ከወተፍሽው መተኮስ የለም። የኛ ሕግ ሳንጃ ለመሰካት አንድ ዙር፣ ለመንቀል አንድ ዙር ይላል። ፈረሰኞችሽ ሲመጡ የኔ አዛዥ የሂዩ ማካይ ስኮቶች ሳንጃ ሰኩ። አንቺ ፈረሱን አቆምሽና እግረኛ አስጠግተሽ ተኮስሽባቸው።

ሰላም፦ መልስ የሚሰጥ አልነበረም፣ ዝም ብለው ቆሙ። አሳዘኑኝ።

ዮናስ፦ ማካይ በእውነቱም በሚቀጥለው ዓመት፣ ጁላይ 1689፣ ኪሊክራንኪ ላይ እንዲህ ዓይነት ነገር ደርሶበታል። የስኮትላንድ ደገኞች ጎራዴ መዘው ቁልቁል ሲወርዱበት ወታደሮቹ ሳንጃውን ሰክተው ሳይጨርሱ ደረሱባቸው። ስለዚህ ሕጉ ልክ ሠርቷል። ግን ቅዳሜ ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ሰላም፦ ስለተሸነፍክ?

ዮናስ፦ አይደለም። ጄምስ በቁጥር በለጠ፣ ገላጣ ሜዳ ላይ ፈረስ አሰለፈ፣ አሸነፈ። እንዲህ ቀላል ከነበረ ሰውዬው ለምን ሳይዋጋ ተመለሰ? ያልተካሄደ ውጊያ ስትሠሪ እንዳይካሄድ ያደረገውን ነገር ሜዳው ላይ ካላስቀመጥሽው ሌላ ጦርነት ነው የሠራሽው። ያስቀረው ደግሞ ጥርጣሬ ነው።

ሰላም፦ ያኔ ነው ካርዱ የመጣው።

ዮናስ፦ እሑድ ጠዋት 12 ካርድ ቆረጥኩ፣ 9 ታማኝ፣ 3 ከሃዲ። ለስድስቱ አዛዦችሽ አንዳንድ ካርድ ተደፍቶ ይሰጣል፣ የቀረው ማንም ሳያየው ይቀመጣል። አዛዡ ከጠላት 30 ሳንቲሜትር ውስጥ ሲገባ ካርዱ ይገለበጣል። ከሃዲ ከሆነ ከነጦሩ የኔ ነው።

ሰላም፦ እኔ ልንገራችሁ፣ ያው ጠረጴዛ ነው፣ ያው 200 ምስል ነው፣ ግን እጄ አልታዘዝ አለኝ። ቸርችል ምርጡን እግረኛ ይዟል። ባስጠጋውና ቢከዳስ? ክንፌ ተገለጠ ማለት ነው። ስለዚህ ወደኋላ አስቀመጥኩት። ከዚያ ለጎኑ ፈራሁና ሁለት ሻለቃ እሱን የሚጠብቅ አቆምኩ። የራሴን ሰው የሚጠብቅ!

ዮናስ፦ እኔ ደግሞ ከፊት ለፊቴ የሚመጣው ትንሽ ሲሆን ወደፊት ገፋሁ። ዝናብ ሲመጣም ጠቀመኝ፣ ምክንያቱም የክር እሳት የሚጠቀሙት ጠመንጃዎች በዝናብ ይጠፋሉ፣ በባልጩት ብልጭታ የሚተኩሱት ይሻላሉ፣ እኔ ጋ ባልጩቱ ይበዛ ነበር።

ሰላም፦ ዝናቡን ተወው። እኔን የጎዳኝ እሱ አይደለም። በ8ኛው ዙር መንደሩን ስትይዝብኝ ግማሹ ጦሬ አንድ ጥይት አልተኮሰም።

ዮናስ፦ ከዚያ ካርዶቹን ገለበጥናቸው።

ሰላም፦ ከስድስቱ ከሃዲ አንድ ብቻ ነው የወጣው፣ እሱም ከኋላ ዕቃ ይጠብቅ የነበረው። የቸርችልን መጨረሻ ገለበጥኩት። ታማኝ ይላል።