ኮዳችሁ የሞጣውንም ማሽን ያስብ

ክቡራን መምህራን፣ ውድ ተማሪዎች፣ እንደምን አረፈዳችሁ!

ደብረ ማርቆስ ድረስ የመጣሁት አንድ ነገር ልለምናችሁ ነው። ኮድ ስትጽፉ እጃችሁ ላይ ላለው ላፕቶፕ ብቻ አትጻፉ። ፕሮግራማችሁን የሚከፍተው ሰው ሞጣ ወይም ደጀን ይሆናል። ማሽኑም ዊንዶውስ 7 ሊሆን ይችላል። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 7 ድጋፉን ያቋረጠው ጥር 2012 ዓ.ም. ነው። ግን ሥራው እስከሄደ ድረስ ኮምፒውተሩን ማን ይጥለዋል?

ደጋግሜ የማየው ልማድ አለ። ፕሮግራሙ ሲነሳ የሲስተሙን፣ ማለትም የዊንዶውሱን፣ ቨርዥን ቁጥር ይጠይቅና በዚያ ይወስናል። ይህ አያዋጣም። ከዊንዶውስ 8.1 ወዲህ፣ አዲሱን ቨርዥን እንደሚያውቅ በማኒፌስቱ (ስለ ፕሮግራሙ ለሲስተሙ በሚናገረው አጭር ፋይል) ላልገለጸ ፕሮግራም ሲስተሙ «ዊንዶውስ 8 ነኝ» ብሎ ይመልሳል። ስለዚህ ቁጥሩን ተዉት። የምትፈልጉት ፈንክሽን (ሲስተሙ የሚሠራላችሁ ተግባር) መኖር አለመኖሩን ጠይቁ። ካለ ተጠቀሙበት፤ ከሌለ ሌላ መንገድ አዘጋጁ። ሲስተሙን በቀጥታ የሚነካውን ኮድ ደግሞ አንድ ቦታ ሰብስቡት። በየፋይሉ ከተበተነ ነገ ለሚረከባችሁ ሰው መከራ ነው።

ሊኑክስ ላይም ይሂድ ካላችሁ የፋይል ስም ላይ ተጠንቀቁ። ዊንዶውስ ትልቁንና ትንሹን የእንግሊዝኛ ፊደል እንደ አንድ ያያል፤ ሊኑክስ ይለያል።

የፊደላችን ነገር ግን የባሰ ነው። ግዕዝ ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ለዓለም ፊደላት ሁሉ ቁጥር በሚሰጠው መለኪያ ውስጥ፣ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ያም ሆኖ ዊንዶውስ ኤክስፒ የግዕዝ ፎንት ይዞ አልመጣም። ኒያላ የሚባለው የግዕዝ ፎንት የመጣው ከኤክስፒ በኋላ ከወጣው ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር ነው። ዊንዶውስ 10 ላይ ደግሞ ለብቻው የሚጫን ተጨማሪ ሆነ። ኒያላ ይኖራል ብላችሁ አትመኑ። እንደ አቢሲኒካ ያለ ነፃ ፎንት ከፕሮግራሙ ጋር አብራችሁ ላኩ፤ ጽሑፉንም በዩቲኤፍ-8 (ዩኒኮድን ፋይል ላይ በሚጽፈው ስልት) አስቀምጡ። የአንድ ገበሬ ስም ደረሰኝ ላይ ባዶ ሳጥን ሆኖ ሲታተም ያማል።

ቀንም አለ። ጊዜን በሴኮንድ እየቆጠሩ 32 ቢት ብቻ በሚይዝ ቦታ የሚያስቀምጡ ሲስተሞች ቁጥራቸው የሚሞላው ጥር 11 ቀን 2030 ዓ.ም. ከጠዋቱ 12 ሰዓት ከ14 ላይ ነው። በጥምቀት ማለዳ! የረጅም ጊዜ ብድር የሚያሰላ ፕሮግራም ከዚያ ቀን ያለፈውን ጊዜ ስለሚነካ ከዛሬው ሊሳሳት ይችላል። 64 ቢት ተጠቀሙ።

መምህራን ሆይ፣ የኮምፒውተር ላብ ውስጥ አንድ አሮጌ ማሽን ከኢንተርኔት ነቅላችሁ አስቀሩልን። ካልተገኘ ቨርቹዋል ማሽን (በሌላ ኮምፒውተር ውስጥ በሶፍትዌር የሚሠራ ማሽን) ይበቃል። ተማሪው ፕሮጀክቱን ከማስረከቡ በፊት እዚያ ላይ አስነስቶ ያሳያችሁ።

አመሰግናለሁ።