ዓይን ማያው ላይ፣ እጅ አየር ላይ

ጤና ይስጥልኝ፣ አድማጮቼ። ዛሬ የማወራችሁ የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ባለው ቤቴ ማታ ማታ ስለምጫወተው የቀዶ ሕክምና ጌም ነው። «ትራውማ ሴንተር፦ ሰከንድ ኦፒኒየን» ይባላል፤ የጃፓኑ አትለስ በአውሮፓውያኑ 2006 ኒንቴንዶ ዊ ለተባለው የጌም ማጫወቻ ያወጣው ነው። ዕድሜው ቢገፋም እጅን እንዲህ የሚፈትን ጌም እስካሁን አላጋጠመኝም።

በቀኜ የያዝኩት ሪሞት የሐኪሙ እጅ ነው፤ በግራዬ ያለው፣ ናንቸክ የተባለው ከሪሞቱ ጋር በገመድ የሚያያዝ መቆጣጠሪያ ደግሞ ከስምንቱ መሣሪያዎች አንዱን ያስመርጠኛል። ቁስል ውስጥ የተሰካ የመስታወት ስባሪ ለማውጣት ወረንጦውን መርጬ፣ ሁለቱን ቁልፎች በአውራ ጣቴና በሌባ ጣቴ እንደ መቆንጠጥ ጨምቄ፣ ስባሪውን በቀስታ እስበዋለሁ። እጄ ከተዛነፈ የታካሚው አቅም ይቀንሳል። ቁልፍ ብቻ በሚጫኑበት ጌም የሁሉም ሰው እጅ እኩል ነው፤ እዚህ ግን የእጄ መንቀጥቀጥ ሳይቀር ማያው ላይ ይታያል።

ቴሌቪዥኑ ላይ የሚቀመጠው የዊ ዘንግ እንቅስቃሴያችንን የሚያነብ ይመስላል እንጂ፣ ሥራው ከሁለት ጫፎቹ ለዓይን የማይታይ የኢንፍራሬድ ብርሃን መልቀቅ ብቻ ነው፤ የሚያየው ሪሞቱ ፊት ላይ ያለው ካሜራ ነው። ስለዚህም ተራርቀው የቆሙ ሁለት ሻማዎች ዘንጉን ይተኩታል፤ ሞክሬው ሲሠራ በማየቴ እጅግ ተደስቻለሁ። ከሰዓት በኋላ ግን ከቴሌቪዥኑ ጎን ባለው መስኮት የሚገባው ፀሐይ ካሜራውን ስለሚያደናግረው፣ መጋረጃውን ሳልዘጋ ቢላ አላነሣም።

ልቤን የያዘው ግን ስጫወት የማየው እጄን ሳይሆን ማያውን መሆኑ ነው። በላፓሮስኮፒም ሐኪሙ በትንንሽ ቀዳዳዎች ካሜራና ረጃጅም መሣሪያዎች አስገብቶ የሚሠራው እንዲሁ ስክሪን እያየ ነው። በአውሮፓውያኑ 2007 አሜሪካ ውስጥ በ33 ሐኪሞች ላይ የታተመ ጥናት፣ ቀደም ሲል በሳምንት ከ3 ሰዓት በላይ ቪዲዮ ጌም ይጫወቱ የነበሩት በላፓሮስኮፒ ልምምድ 37 በመቶ ያነሰ ስሕተት መሥራታቸውን አሳይቷል። በ2013 የታተመው የሮም ጥናት ደግሞ ይበልጥ ይገርመኛል፤ ለ4 ሳምንታት በዊ የሠለጠኑት ተለማማጅ ሐኪሞች ካልሠለጠኑት የበለጠ ሲሻሻሉ፣ የተጫወቱት ቴኒስን የመሰለ ጌም እንጂ የቀዶ ሕክምና ጌም አልነበረም። የሚሠለጥነው እንግዲህ የዓይንና የእጅ ቅንጅት ነው ማለት ነው፤ ሥጋ ቢላን ሲገፋ የሚሰማውን ስሜት ሪሞት ሊሰጥ አይችልም።

ኦፕሬሽን ክፍል ነርስ የሆነችው እህቴ አንድ ማታ አጠገቤ ተቀምጣ ስታየኝ ከቆየች በኋላ፣ «እጅህስ ጥሩ ነው፤ ግን ዕቃ የሚያቀብልህ ማን ነው? ሳይዘጋስ በፊት ጎዙን ማን ቆጠረው?» አለችኝ። ትክክል ናት። ይህ ጌም አንድን ሰው ብቻውን ያቆመዋል፤ እውነተኛው ክፍል ግን በብዙ እጅ ይሠራል፣ የገባው የደም መምጠጫ ጎዝ ሁሉ ሳይቆጠርም ሆድ አይዘጋም። በ2007 የወጣው «ኒው ብለድ» የተባለው ተከታዩ ሁለት ሰዎች አንዱን ታካሚ አብረው እንዲያክሙ ይፈቅዳል። ዲስኩን እያፈላለግሁ ነው፤ ሁለተኛውን ሪሞት የምትይዘው እህቴ ናት።