ቦርከና ዳር የሚሰጥ ክፍል

እሷ፦ ጤና ይስጥልን። የዛሬው ወሬያችን የአካባቢ ሳይንስ ተማሪዎችን የቦርከናን ወንዝ ተከትሎ ከደሴ ኮምቦልቻ ይዞ ስለመውረድ ነው። ከምን ይጀመር?

እሱ፦ አውቶቡሱ ሳይነሳ ነው የሚጀመረው። እያንዳንዱ ልጅ ግምቱን በእስክርቢቶ ይጻፍ፤ ውሃው ውስጥ የሟሟው ኦክስጅን ወንዙ ወደ ታች ሲወርድ ይጨምራል ወይስ ይቀንሳል? ለምን? ግምት ያልያዘ ተማሪ ቁጥር ለቅሞ ነው የሚመለሰው።

እሷ፦ አብዛኛው «ፍሳሽ ስለሚገባበት ይቀንሳል» ነው የሚለው።

እሱ፦ ትክክል ነው፣ ግን አልሞላም። ባክቴሪያ ፍሳሹን ሲያብላላ ኦክስጅን ይበላል። ቁልቁለቱ ላይ ደግሞ ውሃው ከድንጋይ ድንጋይ እየተላተመ አየር መልሶ ይቀላቅላል። የትኛው እንደበለጠ ለክተው ይድረሱበት።

እሷ፦ ቡድኑ ከአራት አይብለጥ። ቀጂ፣ አንባቢ፣ መዝጋቢ፣ ደህንነት ጠባቂ፤ ውሃው በሚለካበት በየጣቢያው ይቀያየሩ። ስምንት ከሆኑ ሁለቱ ይሠራሉ፣ ሌላው ስልኩን ይነካካል።

እሱ፦ ቀጂው ጓንት ያጥልቅ፣ ፊቱንም ውሃው ወደሚመጣበት ያዙር፤ በእግሩ ያደፈረሰው ጠርሙሱ ውስጥ እንዳይገባ። ጠርሙሱ በዚያው ውሃ ሦስት ጊዜ ይለቅለቅ። ኦክስጅንና ሙቀት እዚያው ይለኩ፣ ላቦራቶሪ እስኪደርሱ ይለወጣሉ።

እሷ፦ የፒኤች፣ ማለትም የአሲድነት መለኪያው፣ ጠዋት በ7 እና በ4 ቡፈር፣ ፒኤቻቸው በታወቀ ፈሳሾች፣ ይስተካከል። ውሃው ውስጥ የሚነከረው ጫፉ፣ ኤሌክትሮዱ፣ ደርቆ ከከረመ ቁጥሩ አልረጋ ይላል፤ በዋዜማው ይፈተሽ።

እሱ፦ አሁን ዋናው መጣ። ደሴ ላይ በ20 ዲግሪ 6.5 ሚሊግራም በሊትር አነበቡ እንበል። የኦክስጅን ሠንጠረዡ በዚህ ሙቀት ውሃ ሊይዝ የሚችለው ሙሉው መጠን 9.1 ነው ይላቸዋል። ወዲያው «ወንዙ ተበክሏል» ብለው ይጽፋሉ።

እሷ፦ ሠንጠረዡ ግን ለባሕር ጠለል የተሠራ ነው!

እሱ፦ አዎ እህትዓለም! ወደ 2500 ሜትር ላይ የአየር ግፊቱ ዝቅ ስለሚል፣ በዚያው ሙቀት ንጹሕ ውሃም የሚይዘው 6.7 ገደማ ነው። ኮምቦልቻ፣ 1850 ሜትር አካባቢ፣ 7.3 ይጠጋል። መምህሩ ይህን ቀድሞ ከተናገረ ልጆቹ የሚያገኙት ነገር አይቀርም። «ይህ ሠንጠረዥ ለየትኛው ከፍታ ነው?» ብሎ ዝም ይበል።

እሷ፦ ዝም ማለት ደግሞ ጊዜ ይፈልጋል። ብዙ ጊዜ ውይይቱ መጨረሻ ላይ ይቀመጥና ሾፌሩ ጡሩምባ ሲነፋ ይቀራል።

እሱ፦ ስለዚህ ከሁለተኛው ጣቢያ በኋላ፣ ከሦስተኛው በፊት ይሁን። 30 ደቂቃ ይበቃል። የመጀመሪያዋን 5 ደቂቃ ሁሉም ለብቻው ይጻፍ፤ አለዚያ ሁለት ደፋሮች ብቻ ያወራሉ። የትምህርት ተመራማሪው ዴቪድ ኮልብ በ1984 እ.ኤ.አ. ያስቀመጠው የመማር ዑደት ከልምድ ወደ ማሰላሰል፣ ከዚያ ወደ ሐሳብ፣ በመጨረሻም ወደ ሙከራ ይሄዳል። ሦስተኛው ጣቢያ ለሙከራው ነው፤ ውይይቱ እሱን ካለፈ አዲሱን ሐሳብ የሚፈትኑበት ቦታ የላቸውም።

እሷ፦ የማርኩ ነገርስ?

እሱ፦ የተሳሳተ ግምት ነጥብ አያስቀንስ፤ ካስቀነሰ ቁጥር መፈብረክ ይጀምራሉ። የሚታረመው ደብተሩ ነው፤ ሐሳቡ የት ላይ ተቀየረ፣ ያስቀየረው የትኛው ንባብ ነው?

እሷ፦ አንድ ነገር ልጨምር፤ በክረምት ከሰዓት ወደ ወንዙ አይወረድም። ኮምቦልቻ ፀሐይ ሆኖ ደሴ ላይ ከዘነበ ደራሽ ጎርፍ ይመጣል። ከቀትር በፊት ጨርሶ መውጣት ነው።